የጋሼ ጉሮሮ

ጥቅምት 5 ቀን

ለምወድህ የአጎቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፣

ባሕር ማዶ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። በሄድክበት ሁሉ ፊትህ ይብራ፤ የምትጠግነው ሊፍት ሁሉ ይዞህ ይውጣ እንጂ ይዞህ አይውረድ። አሜን በል።

አሁን ቁጭ በል። ቁጭ ብለሃል? ሥራ ያዝኩ! በዚህ ዕድሜዬ! ሥራዬ ምን መሰለህ? መታመም። አትደንግጥ፣ ጤነኛ ነኝ፤ የምታመመው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ያለው የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን እውነተኛ በሽተኛ ፊት ከማቅረቡ በፊት በውሸት በሽተኛ ያለማምዳቸዋል። የውሸት በሽተኛዋ እኔ ነኝ። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቁ፣ ከሰው ጋር ማውራት የማይሰለቻቸው» ይላል። ጋሼ አባትህ ይህን ሲሰማ ምን አለኝ መሰለህ? «ዕድሜ ልክሽን በነጻ ስትሠሪው የኖርሽውን ሊከፍሉሽ ነው?»

አስተማሪያቸው ሐኪም ናት፤ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ በስፖርት ጫማ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን የምትዘል፣ የእኔ እኩያ። ትምህርቱ የመርፌና የክኒን አይደለም። የሕክምና ሥነ ምግባር ነው የሚባለው። «ደም ሥር የት እንዳለ ማወቅማ ማንም ያውቃል» ትላቸዋለች፣ «በሽተኛው ምን ይፈልጋል? የሱን ነገር ለማን ትናገራላችሁ? ማን ይወስናል? እሱን ነው የምታበላሹት።»

ሐሙስ ዕለት የሆንኩት በሽታዋን ከባሏ የደበቀች ሴት ነው። ባል የሆነው ደግሞ የሆስፒታሉ ዘበኛ ነው። ሰውየው በሩን በቡጢ እየደበደበ «ሚስቴን ምን አገኛችሁባት? ባሏ ነኝ እኮ!» ሲል ትወናውን ስላበዛው የእውነት መስሎኝ በጫማዬ ልለው ነበር። ተማሪው ምስኪን፣ ላብ በላብ ሆኖ «ያለ እሷ ፈቃድ አልናገርም» ብሎ፣ ሰውየውንም እኔንም ጥሎን ወጥቶ ሮጠ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሐኪሟ ግን «ሩጫው ተሳስቷል፣ መልሱ ልክ ነው» አለች። ባልም ቢሆን! እኔ እኮ የሰፈሩን ሁሉ የደም ግፊት በቃሌ የማውቅ ሴት ነኝ። ቤት እስክገባ ድረስ ስንቱን እንዳወራሁት እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅኩ።

እንግዲህ ወረቀቱ ሳያልቅብኝ ወደ ሌላው ልምጣ። እዚህ ድረስ ሳሸሸው ነው የመጣሁት።

የጋሼ ድምፅ ከጎረነነ ቆይቷል፤ ላንተም በስልክ «ብርድ ነው» ብሎሃል። ብርድ አይደለም። የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ወስጄው ነበር፤ በቀጭን ቱቦ አዩት፣ ቆንጥረውም መረመሩ። ሰኞ ውጤቱን ልንሰማ ሄድን። ጋሼ ኮቱን እየለበሰ ሳለ ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና ለእኔ ነገረኝ። ካንሰር ነው። ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ ነው የበቀለው። ወደ ሌላ አልሄደም፣ በቀዶ ጥገና ይወጣል አለ። ግን ሲወጣ ድምፁን ይዞት ነው የሚወጣው። ሰውየው ይድናል፤ አይናገርም።

ጋሼ! ከመቀሱ ይልቅ ምላሱ የሚሠራ ፀጉር አስተካካይ! ከደንበኞቹ ግማሾቹ መላጣ ናቸው እኮ፤ የሚመጡት ሊያወሩት ነው።

እሱ እስካሁን አያውቅም። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፣ ስልክ ባነሳ ከጎኔ ነው፤ በደብዳቤ የመጣሁብህ ለዚህ ነው። ልጁ አንተ ነህ። ምን እናድርግ?

የምትወድህ እህትህ፣
ጋሼ እንደሚለኝ ሬዲዮኗ


ጥቅምት 26 ቀን

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

ስለ ሥራው እንኳን ደስ አለሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ፎቅ መካከል የቆመ ሊፍት ጣሪያ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ሰዎቹ ከታች «ምነው ቆየህ?» እያሉ ይጮሁ ነበር።

ለአባዬ እንዳትነግሩት። ትንሽ እባጭ ናት በሉት። ቀዶ ጥገናው ይደረግ። አንቺ ፈርሚ፤ የእኔ ፈቃድ ካስፈለገም ይኸው ሰጥቻለሁ፣ ለሐኪሙ አሳዪው። ሲነቃ ቀስ ብለን እናስረዳዋለን። መጀመሪያ ይኑር፤ ሌላው ይደረስበታል። ስለ ወጪው አታስቢ።

ለጊዜው አልደውልም። ሥራ በዝቶብኛል።

ቀኑ ሲቆረጥ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 11 ቀን

ለወንድሜ፣ ለዝምተኛው፣

ሰላምህ ይብዛ። እጅህ የነካው ሁሉ ይሠራልህ፣ ጉንፋን በበርህም አይለፍ።

እንዳልከኝ አደረግኩ። ፊቱ ቆሜ «ጋሼ፣ ትንሽ እባጭ ናት፤ ትወጣለች፣ አለቀ» አልኩት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ሰሃን ማጠብ ጀመርኩ። ተከትሎኝ መጣና በሩን ተደግፎ «ትንሽ ከሆነች አንቺ ለምን በሁለት ቃል ጨረስሽው?» አለኝ። ሌላ ጊዜማ የእሾህ መውጋት እንኳ እስከ ምሽት አወራዋለሁ። የሞትኩት ያኔ ነው።

አሁን የማክሰኞውን ስማኝ! ማሕፀኗ ሊወጣ የተወሰነባት ሴት ሆንኩ። በተሰጠን ጽሑፍ መሠረት ወንድሞቼ ሐኪሙን ለምነውታል፦ «እውነቱን እንዳትነግራት፣ ትንሽ ነገር ናት በላት።» የደረሰኝ ሐኪም መነጽር ያለው ጎበዙ ልጅ ነው፤ በየፈተናው አንደኛ የሚወጣው። እጄን ያዘና በሚያምር ድምፅ «እናቴ፣ ምንም አያስቡ፤ ትንሽ ነገር ናት። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለኝ።

የውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ማሕፀኔም ያለበት አለ። ግን እመነኝ ደሜ ፈላ! ጽሑፉ «ትፈርማለች» ነው የሚለው። እኔ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ የማን ሆድ ነው?» አልኩት። ልጁ ደንግጦ ወረቀቱን ገለጠ፤ እንዲህ የሚል ቦታ የለማ! ከኋላ የተቀመጡት አጨበጨቡ። አንዷ «እሰይ እናቴ!» አለች።

ከዚያ ክርክሩ ጦፈ። ጎበዙ ልጅ «ቤተሰቧ እኮ ስለሚወዷት ነው» አለ። ሐኪሟም «መውደዳቸውን ማን ካደ? ስለምትወደው ብቻ የወንድምህን ቤት ሳትነግረው ትሸጥለታለህ?» አለችው። ሌላው ተነስቶ «አካሏን የሚቆርጥ ሰው እሷን ሳያስፈቅድ ከቆረጠ ሐኪም ይባላል ወይስ ሌላ ስም አለው?» አለ፤ ሳቅ። ዝም ብላ ጥግ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ግን እጇን አውጥታ «ነግረናት ብትሰበርስ?» አለች። ማንም አልሳቀም። ሐኪሟ «የዚህ መልስ ቀላል አይደለም፤ አስቡበት» ብላ ክፍሉን ፈታች።

እኔም ይኸው እያሰብኩበት ነው። በደስታ ነው የማስበው ስልህ አትታዘበኝ፤ ትምህርት ቤት ሳለሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢጠይቁን ኖሮ አንድም ቀን አልቀርም ነበር!

ጋሼ እሁድ እሁድ ጠዋት ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ባለፈው እሁድ እስከ ምሳ ጠበቀና «ልጁ ሳይደውል ሦስተኛ እሁዱ ነው። ወይ እሱ ታሟል፣ ወይ እኔ ታምሜያለሁ» አለኝ። ምን ልበለው? አንተ ድሮም አታወራም፤ ግን ዝም ለማለትም ቢሆን ትደውል ነበር።

ለቀዶ ጥገናው የታኅሣሥን መጨረሻ ሰጥተውናል። የፈቃዱ ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ነው። እጄ እምቢ ብሎኝ አልፈረምኩም። ፍቀድልኝና ልንገረው።

እህትህ


ኅዳር 30 ቀን

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ልጽፍልሽ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ይህን እንዳለ እልከዋለሁ።

አንቺ ማክሰኞና ሐሙስ ትታመሚያለሽ። ሲመሽ ጋውኑን አውልቀሽ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። አባቴ ጋውኑን የሚያወልቅበት ሰዓት የለውም። ተማሪዎቹ የሚከራከሩት ለነጥብ ነው።

ልጅቷ «ብትሰበርስ» አለች ብለሻል። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ። እናቴን ረሳሻት? የሚያክማት ሐኪም በአንድ ጠዋት ሁሉንም ነገራት፤ በግልጽ፣ ምንም ሳያስቀር። በዚያው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ በኋላ እህል በአፏ አልዞረም። በሽታው ገና ሳይደርስባት እውነቱ ጨረሳት። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እስክትሞት ድረስ ያየሁት ጀርባዋን ነው።

አባዬን ወደ ግድግዳ እንዳታዞሪብኝ።

ለምን አትደውልም ላልሽው፣ ከደወልኩ ያውቃል። «እንዴት ነህ» ስለው ያውቃል። ሥራ አልበዛብኝም።

እባክሽ ፈርሚ። ለምኜሽ አላውቅም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 19 ቀን

ለወንድሜ፣ ለአንድዬ፣

ፈጣሪ ልብህን ያሳርፍልህ። ይህን ስታነብ ከፍታ ቦታ ላይ አትሁን፤ መሬት ላይ ቁም።

ደብዳቤህን አነበብኩት፤ ደገምኩት። አልተቀየምኩህም። ስለ ጋውኑ ያልከውም እውነት ነው። እናትህንም አልረሳኋት፤ ለዚህ ነው ብቻዬን ማድረግ ያቃተኝና ወደ ሐኪሟ የሄድኩት። ስም ላለመጥራት ተጠንቅቄ «አንዲት የማውቃት ሴት አለች፣ አጎቷ...» ብዬ ስጀምር «አጎትሽን ምን አገኙበት?» አለችኝ። እኔን ነው እንግዲህ ተዋናይ ብለው የቀጠሩት!

ሁሉንም ነገርኳት። አንተ ያልከውንም፣ ግድግዳውንም። ትቆጣሃለች ብዬ ስጠብቅ «ልጁ ልክ ነው» አለች። «እውነትን እንደ ድንጋይ ከወረወርሽው ሰው ይጥላል። ግን ያለው መንገር ወይ መደበቅ ብቻ ማን አላችሁ? ሌላም አለ።»

«ምን?»

«መጠየቅ። ሕመሙን ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ፣ ከማን አፍ እንደሚፈልግ፣ እሱን ጠይቁት። ‹እኔ አልፈልግም፣ ለልጄ ንገሩት፣ እሱ ይወስን› ካለ ልጁ ይወስናል፤ ማንም አይነካውም። አለማወቅም የሰው መብት ነው። ብቻ መብቱን ለሌላ የሚሰጠው ባለቤቱ ነው።»

ወንድሜ፣ ኮሪደሩ ላይ ዘለልኩ! በዚህ ጉልበቴ! እናትህን እኮ ነገሯት እንጂ የጠየቃት የለም። ይህን ያህል ጊዜ እኔና አንተ «ይነገር፣ አይነገር» ስንባባል ጋሼ ራሱ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር።

ፈቃድህን መጠበቅ ነበረብኝ፤ አልጠበቅኩም። ተቆጣኝ፣ ይገባኛል። በማግስቱ ጋሼን ይዤ የጉሮሮ ሐኪሙ ዘንድ ገባሁ። ሐኪሟ ቀድማ አነጋግራው ነበር መሰለኝ ሰውየው ወንበሩን ስቦ ከጋሼ ፊት ለፊት ተቀመጠ። «አባቴ፣ አንዳንድ ሰው ስለ ሕመሙ ሁሉን ማወቅ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ለቤተሰቤ ንገሩልኝ ይላል። እርስዎስ?»

ጋሼ ከፀጉሩ ጀምሮ አየው፤ ሰው ሲያይ ሁልጊዜ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

«ይህን የቆረጠህ ሰው» አለው፣ «ምን ያህል ይነሳ ብሎ ማንን ጠየቀ?»

«እኔን።»

«አጎትህን አልጠየቀም?»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «አልጠየቀም።»

«እኔ አርባ ዓመት ለፀጉር፣ ተመልሶ ለሚበቅል ፀጉር፣ ባለቤቱን ሳልጠይቅ መቀስ አላነሳሁም። ለጉሮሮዬ ማንን ጠየቃችሁ?»

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ የወለሉን ንጣፍ አየሁ።

«ሁሉንም ንገረኝ» አለ ጋሼ። «ይህቺም ትቀመጥ፤ ብናስወጣትም በቁልፉ ቀዳዳ ነው የምትሰማው።»

ነገረው። ቀስ ብሎ፣ አንድ ነገር ብሎ እያረፈ፣ «ልቀጥል?» እያለ። ስለ ድምፁ ሲደርስ ጋሼ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም። አንገቱን ሲያዞር ይኸው ወደ ግድግዳው ሊዞር ነው አልኩ በልቤ። የዞረው ግን ኮቱን ሊያወልቅ ነው። ሙቀት ተሰምቶት። አወለቀና ወንበሩ ላይ ሰቅሎ «ሌላ መንገድ የለም?» አለ።

አለ! አለ እኮ! ጨረር የሚባል። ከሰባት ሳምንት የሚጠጋ፣ ቅዳሜና እሁድ ሲቀር በየቀኑ። ድምፁ ሊተርፍ ይችላል፣ ቢሻክርም። ግን ዕጢው ተመልሶ የመምጣቱ ዕድል ከቀዶ ጥገናው ይበልጣል፤ ከተመለሰ ቀዶ ጥገናው ያኔም አለ፣ ሆኖም ይከብዳል፣ ቁስሉም በቶሎ አይሽርም። እኔ ብድግ ብዬ «ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩንም?» ስለው ሐኪሙ ፊቱ ቀልቶ «ቤተሰቡ ቀዶ ጥገና ነው የምንፈልገው ስላለ...» አለ። ቤተሰቡ ማን ነው? እኔና አንተ! ያለቀ ውሳኔ ይዘን ስለመጣን የሚጠይቀን ጠፋ፤ እኛም ለመጠየቅ አልደረስንም። በፍቅር ብዛት ሰውየውን አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ውስጥ ዘግተንበት ነበር።

ጋሼ «ላስብበት» ብሎ ወጣ። እንዴት እንዳሰበበት ልንገርህ? ፀጉር ቤቱን ከፍቶ ለገባው ሁሉ በማውራት! እኔ ሬዲዮ ከሆንኩ እሱ ጋዜጣ ነው። ልብስ ሰፊው «ተቆረጥ» አለው፤ ጡረተኛው አስተማሪ «ጨረር» አለው፤ አንዱ መላጣ ደንበኛ «አንተ ድምፅ ካጣህ እኔ እዚህ ምን ላደርግ እመጣለሁ?» አለው። ሁሉንም ሰማ። በሳምንቱ ሄዶ ጨረሩን መረጠ።

እኔስ? ቀዶ ጥገናውን ይመርጣል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ! ነፍስ ይቀድማል ይላል ብዬ! እየሮጥኩ ሐኪሟ ቢሮ ገባሁ። «አስገድዱልኝ! አልገባውም!»

«ምኑ ነው ያልገባው?»

«ሊመለስበት ይችላል እኮ!»

«እሱንማ በራሱ ቃል መልሶ ነግሮናል፤ ካንቺ አሳምሮ። ያልገባው የመሰለሽ አንቺ ያሰብሽውን ስላልመረጠ ነው?»

ዝም አልኩ። እኔ ዝም አልኩ! ሳቀችብኝና ውኃ ሰጠችኝ። «ቢገባውም ባይገባውም ካንቺ ጋር ሲስማማማ ማንም ያከብረዋል» አለች።

ስለዚህ አልዋሽህም፤ እኔም ፈርቻለሁ። የፈራሁት እኔ ነኝ፣ ጉሮሮው ግን የሱ ነው። ሌሊት በደንብ ይተኛል። የማልተኛው እኔ ነኝ። ሰኞ ይጀምራል።

ደውልለት። ድምፁ አሁን አለ።

እህትህ


ጥር 8 ቀን

ለእትዬ፣

እንደምን አለሽ? ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ዛሬ የእውነቴን ነው።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ለቀናት ተናድጄብሽ ነበር። አለቃዬ ከሊፍት ይልቅ አንተ ነህ ጥገና የሚያስፈልግህ አለኝ። እሁድ ደወልኩ። አንቺ ወጥተሽ ነበር አሉ።

«አባዬ» አልኩት።

«ማነው?» አለኝ፤ እያወቀ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ልጅ ነበረኝ፤ ስልክ ሳይሰረቅበት አይቀርም።»

ድምፁ የዛገ በር መስሏል። ቀልዱ ግን አልዛገም። እኔ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ወረቀት ላይ ሁሉ ጽፌ። ወረቀቱ ጠፋብኝና «አባዬ፣ እኔ ብሆን ቀዶ ጥገናውን ነበር የምመርጠው። እንድትኖርልኝ ነው የምፈልገው» አልኩት። እንዲህ ብዬው አላውቅም።

«ይህን ለእኔ ነው መንገር የነበረብህ» አለኝ። «ለእኔ ስትለኝ እሰማሃለሁ፣ ካሰብኩት ጋር አስቀምጬ እመዝነዋለሁ። ለሐኪሙ ስትልማ ስለ እኔ አወራህ እንጂ ከእኔ ጋር አላወራህም።»

«ታዲያ ሐሳብህን ትቀይራለህ?»

«አልቀይርም» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ሳሉ ሲያባራ «ጨረሩ ካልያዘልኝ ይቁረጡት፤ ለሐኪሙም ነግሬዋለሁ። ያኔ እኔ መናገር ካልቻልኩ የምትናገርልኝ አንተ ነህ፣ ስምህን አስመዝግቤያለሁ። ግን እኔ ያልኩትን ነው የምትናገረው፤ አንተ የምትፈልገውን አይደለም። ትችላለህ?»

እችላለሁ አልኩት። መቻሌን አላውቅም። ከባዱ ሥራ ይህ ነው እትዬ፤ ለእሱ ከመወሰን ይልቅ።

ስለ እናቴም ጠየቅኩት። በኛ ቤት ተነስቶ የማያውቅ ነገር ነው። «ስለነገሯት አልነበረም የዞረችው» አለኝ። «ከነገሯት በኋላ ሁላችንም እየገባን ስለ ዝናቡ አወራናት። ሁለት ቀን ጠበቀችን። ከዚያ ዞረች።» እኔም ገብቼ ስለ ትምህርት ቤት የእግር ኳስ ቡድን እንዳወራኋት ትዝ አለኝ።

አሁንም በምርጫው አልተስማማሁም። ይህን ለእሱም በየእሁዱ እነግረዋለሁ፤ እሱም በየእሁዱ «ሰምቻለሁ» ይለኛል።

ሳልጠይቅሽ አልተውም፤ ጥግ ላይ ለምትቀመጠዋ ልጅ ንገሪልኝ። መልሱን አላውቅም ነበር በያት።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 6 ቀን

ለወንድሜ፣ አሁን ከእኔ በላይ ለሚያወራው፣

በረከቱ ይብዛልህ፣ የወጣህበት ሁሉ የሳቅ ይሁን። ይህን የምጽፈው ሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ቦርሳዬን ጠረጴዛ አድርጌ ነው። ለምን እዚህ እንደሆንኩ ልንገርህ።

ጨረሩ ያለቀው የካቲት ውስጥ እንደሆነ ታውቃለህ። አንገቱ ቆዳው ተላጠ፣ መዋጥ አቃተው፣ ድምፁም ለጥቂት ሳምንት ጭራሽ ጠፋ። ያን ጊዜ ነው ተሳሳትን እያልኩ በየማታው ያለቀስኩት። እሱ ግን ፀጉር ቤቱ ሄዶ በመቀስና በቅንድብ ያወራ ነበር፤ ደንበኞቹ «ዛሬ ነው የገባን፣ ድሮ በጣም ትፈጥን ነበር» አሉት። ከዚያ ድምፁ ተመለሰ። ሻካራ፣ ቀጭን፣ ግን የሱ። ያ ግን ድምፁ ነው። ዕጢው መሄድ አለመሄዱ የሚታወቀው ዛሬ ነበር፤ ዛሬ ቱቦውን አስገብተው፣ ፎቶውንም አይተው ሊነግሩት ነው የመጣነው።

በሩ ላይ ሐኪሙ «አባቴ፣ ማን አብሮዎት ይግባ?» አለው። እኔ ቦርሳዬን አንግቤ ብድግ ብያለሁ። «ብቻዬን» አለ ጋሼ። ብቻዬን! እግሬ አንድ እርምጃ ሄዶ ነበር፤ ተመለሰ። ተቀመጥኩ። ውስጥ ሲቆይ የግድግዳውን ማስታወቂያ ሁሉ አነበብኩ። እጅ ስለ መታጠብ አሁን ማስተማር እችላለሁ።

ወጣ። ፊቱን አየሁት፤ የካርታ ተጫዋች ፊት ነው ያለው። «እሺ?» አልኩት።

«መጀመሪያ ልጁ» አለኝ።

ስልኩን አውጥቶ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ወደ መስኮቱ ሄደ። ይኸው አሁን ከአንተ ጋር እያወራ ነው። አስበው፣ በዚህች ደቂቃ አንተ ባሕር ማዶ ሆነህ ታውቃለህ፤ እኔ አሥር እርምጃ ላይ ተቀምጬ አላውቅም! በዚህ ቤተሰብ የተወለደውንም የሞተውንም ከባለቤቱ ቀድሜ የማውቅ እኔ!

ጀርባውን ነው የማየው። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳቅና ልቅሶ ደግሞ ከጀርባ አይለዩም። እሱን እያየሁ ነው የምጽፍልህ፣ ፊደሉን ታገሰኝ። ጥግ ላይ የምትቀመጠዋ ተማሪ፣ አሁን እዚህ ልምምድ ላይ ናት፣ ስታልፍ አየችኝና ጎንበስ ብላ «እናቴ፣ ገብቼ ሐኪሙን ልጠይቅልዎት?» አለችኝ። አፌ «አዎ» ሊል ተከፍቷል። «አይ ልጄ፣ ሲፈልግ ይነግረኛል» አልኳት። ባለችበት ቆማ አየችኝና «ጎበዝ» አለችኝ፤ እሷ ለእኔ!

ስልኩን ዘጋ። እየመጣ ነው።

...ይህን የምጨርሰው ከቤት ሆኜ ነው። መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለና እጄን ይዞ፣ በዚያ ሻካራ ድምፁ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረኝ፤ ሐኪሙ ያለውን፣ እሱ የጠየቀውን፣ በየሁለት ወሩ መታየት እንዳለበትም። ከዚያ «ለደንበኞቼ የምነግረው እኔ ነኝ፤ አደራሽን» አለኝ። እሺ አልኩት።

እሺ ማለቱ ቀሎኝ ነበር። ወደ ቤት ስንመጣ ግን እኔ ፊቴን መቆጣጠር አቅቶኝ፣ እሱ ደግሞ ሆን ብሎ ቀስ እያለ፣ በፀጉር ቤቱ በኩል ነው የወሰደኝ። ልብስ ሰፊው ከሱቁ ወጣ፣ ጡረተኛው አስተማሪ ጋዜጣውን አጠፈ፣ መላጣው ሰውዬ መንገድ አቋርጦ መጣ። ሁሉም ወደ እኔ ነው የመጡት፤ ወሬ ከማን እንደሚገኝ ያውቃሉ። «ምን አሉት? ምን ሆነ? ኧረ ሬዲዮ፣ ምነው እንዲህ ጥርስ በጥርስ ሆንሽ?»

ከንፈሬን በጥርሴ ነክሼ፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ በጣቴ ወደ ጋሼ አመለከትኩ። «እሱን ጠይቁት!» አልኳቸው።

ዞሩና ጠየቁት።

እህትህ